ኤችአይቪ በሰው ሰውነት ውስጥ ስለሚደበቅበት ስፍራ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ፥ መድኃኒቱ ኤችአይቪን በደም ምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሲያዳክመው፥ ስለ ምን ፈጽሞ አያጠፋውም? የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት በተስፋፋ ጊዜ፥ ለሞት የቀረበ ብዙ ሕመምተኛ ከአልጋው ተነሣ። በ1997ም ዶክተር ዴቪድ ሆና ባልደረቦቹ፥ ቫይረሱ ሌላ ያልታወቀ መሸሸጊያ ከሌለው፥ ሕክምናው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ያህል ሳይቋረጥ ቢቆይ ሊጠፋ እንደሚችል አሰሉ። መሸሸጊያው ግን ነበረ። በዚያው ዓመት በባልቲሞር፥ በሳንዲየጎና በቤቴስዳ የሚሠሩ ሦስት የሊቃውንት ቡድኖች፥ ሲዲ4 ከሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ሥራ ፈትተው በሚያርፉት ውስጥ ቫይረሱን ተኝቶ አገኙት።

እነዚህ ሕዋሳት ያለፈውን በሽታ እያስታወሱ ብዙ ዓመት የሚኖሩ ናቸው። ቫይረሱም የራሱን ዘር ከሕዋሱ ዘር ጋር አጣብቆ ዝም ይላል፤ መድኃኒቱ የሚከለክለው ግን መራባቱን ስለሆነ፥ የተኛውን አይነካውም። በ1999 የባልቲሞሩ ቡድን እንደገመተው፥ ይህን ክምችት በመድኃኒቱ ብቻ ለመጨረስ ከ60 ዓመት በላይ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ በሚሲሲፒ የተወለደች አንዲት ሕፃን መድኃኒት ካቋረጠች ከሁለት ዓመት በላይ ቫይረሱ ሳይታይባት ቆይቶ፥ በ2014 ተመልሶ ተገኘ።

እንግዲህ «አልታየም» ማለት «ጠፋ» ማለት እንዳይደለ ከዚህ ታሪክ እንረዳለን። ስለዚህ ጤና የተሰማው ሰው መድኃኒቱን በየቀኑ መውሰዱ ሕክምናው ስለ ከሸፈ ሳይሆን፥ የተኛው ጠላት እንዳይነሣ ዘብ መቆሙ ነው እንላለን።