ዜና ቤተ መዘክር ዘተሰሎንቄ

ሰኔ 13 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1978፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ በሰሜን ግሪክ ያለችው የተሰሎንቄ ምድር ተናወጠች። አንድ ባለ ስምንት ፎቅ ቤት ከነነዋሪዎቹ ተደረመሰ፤ በከተማይቱ የሞቱትም ከ40 በለጡ። በቄሣር ጋሌርዮስ ዘመን የታነጸው ክቡ ሕንፃ ሮቶንዳ ሳይቀር ተሰነጠቀ።

በዚያም ዘመን ተሰሎንቄ ያለችበት የግሪክ አውራጃ መቄዶንያ የምትታወቀው በነገሥታት መቃብርና በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ነበር። አዲስ ሥዕል የሚሠራ ግሪካዊ ግን ሥራውን ለማሳየት ወደ አቴና ይወርድ፤ ከቀናውም ፓሪስ ይሻገር ነበር። ማሮ ላጊያ የምትባል የተሰሎንቄ ሴት፣ ከተማይቱ ገና ፍርስራሿን ሳትጠርግ፣ ለሥዕል ነጋዴው ለአሌክሳንድሮስ ዮላስ አሳብ አቀረበች፤ በዚህች ከተማ ለዘመናችን ሥነ ጥበብ ቤት ይቁም አለች።

ዮላስ ከግሪክ ወላጆች በእስክንድርያ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ዳንሰኛ ሆኖ፣ ኋላ በኒውዮርክ ሥዕል በመነገድ የከበረ ሰው ነው። ሠዓሊውን አንዲ ዋርሆልን በ1952 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ስሙ ሳይሰማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሳየ እርሱ ነበረ። የወገኖቹንም ሥራ ይዞ በዓለም ዞሯል፤ ብረትን በማግኔት ስቦ አየር ላይ የሚያቆመውን ታኪስን፣ የማስታወቂያ ወረቀት በቀጭኑ እየተለተለ ቅርጽ የሚያወጣውን ፓቭሎስን፣ ጾክሊስንም አስታውቋል። የሴቲቱን ቃል ሰምቶ ከ40 የሚበልጡ ሥራዎችን ሰጠ። በ1979ም የታሰበው ቤት በማዕከልነት ተመሠረተ፤ ኋላ የመቄዶንያ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ተባለ። መኖሪያውም ዓለም አቀፉ የንግድ ትርኢት በሚካሄድበት ግቢ ሆነ።

ይኸው ዮላስ በአቴና አጠገብ ያለውን ቤቱን ከነንብረቱ ለመንግሥት አውርሶ ለመሄድ ፈልጎ ነበር፤ መንግሥትም አልተቀበለውም። በ1987 ሲሞት ቤቱ ተዘረፈ፤ ያ ሁሉ ሀብት ተበተነ። ለዚህ ቸልታ ሰበብ አይገኝለትም። ተሰሎንቄ የተቀበለችው ግን በእጇ ቆየ።

ከዚህም በኋላ ስጦታው በዛ፤ ዲፕሎማቱና ሐያሲው አሌክሳንድሮስ ክሲዲስ የሰበሰበው የግሪክ ሥዕል ወደ መቄዶንያው ቤተ መዘክር ገባ። በ1997 ከተማይቱ የአውሮፓ የባህል መዲና ስትሆን በላዛሪስቶን ገዳም ሌላ፣ የመንግሥት የሆነ ቤተ መዘክር ቆመ።

በ2018 በወጣ ሕግ ሁለቱ ቤተ መዘክሮች ከተሰሎንቄ የፎቶግራፍ ቤተ መዘክር ጋር ተዋሕደው ሞሙስ ተባሉ። ከዚሁ ተቋም ቤቶች አንዱ፣ ቀራፂዋ አሌክስ ሚሎና ለመቄዶንያው ቤተ መዘክር ያስረከበችው፣ የሚገኘው አቴና መካከል ነው፤ የሚተዳደረውም ከተሰሎንቄ ነው።