ስለ ልጅ ኢያሱ መሻር

በ1909 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ መስከረም 17 ቀን ረቡዕ፣ የመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱና ካህናቱ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። የልጅ ኢያሱም ክስ ተነበበ። ተከሳሹ ግን ሐረርጌ ነበሩ፤ አልተጠሩም፣ አልተሰሙም።

ክሱም፦ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል፤ ጠምጥመው መስጊድ ገብተዋል፤ የእስላም ባላባቶችን ልጆች አግብተዋል፤ ጨረቃ ያለበት ሰንደቅ ዓላማ ለሶማሌ ሰጥተዋል የሚል ነበረ። ዘመኑ የዓለም ጦርነት ነውና፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ መልእክተኞችም ኢያሱ ወደ ቱርክ አዘነበሉ ብለው አስቀድመው አቤት ብለው ነበረ።

መኳንንቱን ያስጨነቃቸው መሐላው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ኢያሱን አልጋ ወራሽ ሲያደርጉ፣ ቃላቸውን የሚያፈርሰውን ረግመው ነበርና። አቡነ ማቴዎስ ከመሐላው ፈቷቸው። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ሆኑ።

ይህ ክስ በወሎ ደጋ፣ በቦረናና በሳይንት፣ በወረ ሂመኖም እንደ ሌላው አገር አይሰማም። በመካነ ሰላም ዙሪያ አንዱ ወንድም ለጁምዓ፣ አንዱ ለቅዳሴ የሚወጣበት ቤት ብርቅ አይደለም። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው፣ አፄ ዮሐንስ በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው እስኪያስጠምቋቸው ድረስ ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። ልጃቸው በአያቶቹ ሃይማኖት ሲከሰስ፣ ወሎ ሁሉ አብሮ የተከሰሰ መሰለው።

ኢያሱ ጥፋት አልነበረባቸውም አልልም። ከመናገሻው ርቀው ወራት ይከርሙ ነበር፤ የአያታቸውን የምኒልክን ሹማምንትም ንቀዋል። አገር ያለ ጠባቂ ሲቀር ገዢን መሻር ይገባል፤ ሹመት የተሰጠው ለሕዝብ ነውና። ነገር ግን ስለ አንድ ጥማድ መሬት የሚሟገት ባላገር እንኳ ዋስ ጠርቶ፣ ከባላጋራው ፊት ቆሞ፣ «በላ ልበልሃ» ብሎ ይመልስ ነበር። ለኢያሱ ይህ ተነፈገ፤ የሙግቱ ስፍራም ጦር ሜዳ ሆነ።

ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው ወረዱ። ቶራ መስክ ላይ ከሸዋ ወገን ራስ ልዑልሰገድ ወደቁ። ጥቅምት 17 ቀን ዓርብ፣ ሰገሌ ላይ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና ከራስ ተፈሪ ጦር ጋር ገጠሙ፤ የሸዋና የወሎ ልጅ በሺህ እየተቆጠረ ረገፈ፤ ንጉሡም ተማረኩ። ኢያሱ በአፋር በረሃ አድርገው መቅደላ ወጡ፤ ተከበው አመለጡ፤ በ1913 ትግራይ ላይ ተይዘው ፍቼ ታሰሩ።