ቆጥ የሌለው ዶሮ ቤት

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲባል ሳይሰማ ያደገ ማን አለ? ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቆጡን ራሱን ግን እየረሳነው ነው።

እህቶቼ፣ ከመካከላችን ብዙዎቻችን «ኮንትራቴ ሲያልቅ አገሬ ገብቼ ዶሮ አረባለሁ» እንላለን። አስቀድመን ገንዘብ የላክንም አለን። እኔ ከላኩት 50 ጫጩት ተገዛ፣ የቆርቆሮ ቤት ተሠራ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ግማሹ አለቀ። ታናሽ እህቴ «በሽታ ነው» አለችኝ። ፎቶ ላኪልኝ ብዬ ሳየው ቤቱ ውስጥ አንድም ቆጥ የለም፤ ዶሮዎቹ እርጥብ ኩሳቸው ላይ ተኝተው ነው የሚያድሩት። በሽታ መኖሩ አይቀርም፤ ግን አልጋውን ያነጠፍንለት እኛው ነን።

ታሪኩን ከሥሩ እንጀምረው። ዶሮ ራሷ ስደተኛ ናት። የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ከሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። ያ ወፍ ቀን መሬት ሲጭር ውሎ፣ ሲመሽ አውሬ ፈርቶ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ኩሱም ከታች ወድቆ ይቀራል። አገራችን የገባችው ከጥንት ጀምሮ ነው፤ በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በሚባል ስፍራ በቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት 800 ዓመት ገደማ የቆየ ሲሆን፣ በአፍሪካ እስካሁን ከታወቁት ቀደምቶቹ አንዱ ነው። በቀይ ባሕር ትምጣ ወይም በናይል ሸለቆ፣ ሲመሽ ወደ ላይ የመውጣት ጠባይዋን ግን አልተወችም።

እናቶቻችን ይህን ጠባይ ያውቁ ነበር። በአማራ ደጋ፣ ጎጆ ቤት ውስጥ እንጨት ከግድግዳ ግድግዳ ይጋደማል፤ ያ ነው ቆጥ። ዶሮዎቹን ከሸለምጥማጥ፣ ከሌባና ከብርድ ይጠብቃል። ጠዋት ከሥሩ ያለው ኩስ ተጠርጎ ጓሮ ጎመኑ ዘንድ ይሄዳል። ከእንቁላሉ የሚገኘው ሳንቲም የእናት ነበር፤ ጨው፣ ጋዝና ደብተር የሚገዛው በሱ ነው። ዶሮዎቹ ከአምስት ከአሥር ስለማይበልጡና በየቀኑ ስለሚጠረግ ቤቱ ችግር አልነበረበትም።

ከዚያ «የፈረንጅ ዶሮ» መጣ። በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽና መጨረሻ ላይ ጅማና ዓለማያ የነበሩት የግብርና ትምህርት ቤቶች ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ነጭ ሌግሆርን፣ ኒው ሃምፕሻየርና አውስትራሎርፕ የሚባሉ ዝርያዎችን ከውጭ አስገቡ። ኋላም ቢሾፍቱ የትልልቅ ዶሮ እርባታዎች መናኸሪያ ሆነች። የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል፣ የተሻሻለችው በደንብ ከተያዘች ከ250 በላይ ትጥላለች። ማን ይጠላል?

ትልልቆቹ እርባታዎች ኩሱን በሁለት መንገድ ይይዙታል። አንዱ ኬጅ ነው፤ ወለሉ ሽቦ ስለሆነ ኩሱ ወደ ታች ይወርዳል። ሌላው ወፍራም ጉዝጓዝ ነው፤ እየተገላበጠ ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ቆጥም፣ ኬጅም፣ ጉዝጓዝም ሥራቸው አንድ ነው፤ ዶሮዋን ከእርጥብ ኩሷ መለየት። ወደ ብዙዎቻችን ግቢ የመጣው ግን ዝርያውና ቆርቆሮው ብቻ ነው። ቆጡን «የድሮ ነው» ብለን ጣልነው፤ በምትኩ ምንም አላስገባንም። አውሮፓውያን እንኳ ባዶውን ኬጅ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሕግ ከልክለው፣ ለእያንዳንዷ እንቁላል ጣይ ዶሮ 15 ሴንቲ ሜትር ቆጥ እንዲኖራት አዘዋል። እኛ የተውነውን እነሱ በሕግ መለሱት ማለት ነው።

ይህ ለኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በኅዳር 2006 ዓ.ም. እዚሁ ሪያድ፣ መንፉሃ የሆነውን የማያስታውስ የለም። ከሳዑዲ ወደ አገራቸው የተመለሱት ወገኖቻችን ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ። ከነሱ መካከል ተደራጅተው ዶሮ እርባታ የገቡ አሉ። በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» ሲጀመርም ዶሮና እንቁላል ዋነኛ ሥራ ሆኑ። ነገም የምንመለስ ብዙ ነን።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከከተማው ዳር እስትራሓ ውስጥ የማዳም ዶሮዎችን ያጸዳች እህት፣ ኩስ ቶሎ ደርቆ ዱቄት ሲሆን አይታለች። የሪያድ በጋ 43 ዲግሪ የሚደርስ ደረቅ ሙቀት ነው። ያንን ለምዳ አገር ቤት ብትሠራ የሐምሌ ዝናብ ያታልላታል። ትኩስ ኩስ ከአራት እጅ ሦስቱ ውኃ ነው፤ ካልደረቀ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ የዶሮዋን ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። ለመፈተሽ ጠዋት ገብታችሁ በዶሮዋ ቁመት ቁጢጥ በሉ፤ ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ እሷን ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥላት አድሯል።

ቆጡ እንዲህ ይሠራል። ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጠርዙ የተሞረደ እንጨት ውሰዱ። ባሕር ዛፍ ከሆነ ልጡን ላጡት፤ ቅንቅን ቀን ቀን የሚደበቀው ልጡ ሥርና ስንጥቁ ውስጥ ነው። ለአንድ ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር ያዙ፤ ለ50 ዶሮ 10 ሜትር፣ ማለትም ባለ ሁለት ሜትር ተኩል አራት እንጨት። በመካከላቸው 30 ሴንቲ ሜትር ይተው። ሁሉም በእኩል ከፍታ ይሁኑ፤ አለዚያ ለላይኛው ይጣላሉ። እንቁላል ከሚጥሉበት ሣጥን ከፍ ማለት አለበት፤ ያለዚያ ሣጥኑ ውስጥ አድረው ያበላሹታል። ክብደት ላላቸው ዝርያዎች ግን ግማሽ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ሲዘሉ እግራቸው ይጎዳል።

ከዕለቱ ኩስ ግማሽ ያህሉ ሌሊት ቆጡ ሥር ነው የሚወርደው። ስለዚህ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቆርቆሮ ወይም ጣውላ ዘርጉ፤ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ ገለባ በትኑበት፤ ጠዋት ጠዋት ፋቁት። አመድ እርጥብ ኩስ ላይ አታብዙ፤ አሞኒያውን ያስነሣዋል። የተፋቀውን ከገለባ ጋር ከምሩና ጥቂት ወራት ይብላላ፤ ትኩሱ ተክል ያቃጥላል፣ በሽታም ያስተላልፋል። ሲበስል ለጎመንና ለቃሪያ ከገዛ ማዳበሪያ አያንስም።

እኔ አሁን ጫጩት መግዣ ከመላኬ በፊት «ቆጡ ተሠርቷል? ፎቶውን ላኪ» እላለሁ። እህቴ መጀመሪያ ስቃብኝ ነበር። እናታችን ግን አልሳቀችም፤ «ድሮስ ዶሮ መሬት ታድራለች እንዴ?» ነው ያለችው።