ቡና እና ብረት ሆድ ውስጥ ሲገናኙ

አንገር ጉቲንም ሆነ ነቀምት፣ ምሳ እንደተበላ ጀበና ይጣዳል። ልማዱ መልካም ነው፤ ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው።

ሊጋንድ ማለት ጥንድ ኤሌክትሮኑን እንደ ብረትና ዚንክ ላሉ ማዕድናት አካፍሎ የሚጣበቅ ሞለኪውል ወይም አዮን ነው። አንድ የብረት አዮን ብዙውን ጊዜ እስከ ስድስት ቦታ ላይ ይያዛል። ቡና ውስጥ ያሉት ፖሊፊኖሎችም በተለይ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት እንዲህ ይይዙታል፤ የተያዘው ብረት ደም ውስጥ ሳይገባ ከሰገራ ጋር ይወጣል። በ1983 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት፣ ከሀምበርገር ጋር የተጠጣ አንድ ኩባያ ቡና ሰውነት የሚወስደውን ብረት በ39 በመቶ ቀንሷል። ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣም ያው ነው፤ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን አልቀነሰም። የነሱ ኩባያ ከኛ ሲኒ ይተልቃል፣ እኛ ደግሞ አቦል ላይ አናቆምም!

ጤፍ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ሌላ ጠፋሪ አለ። ሊጡ ሲቦካ ግን ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም ፋይቴቱን በልኩ በተሠራ ጎድጓዳ ቦታው ይይዝና ፎስፌቶቹን አንድ በአንድ ይቆርጣል፤ ብረቱም ይላቀቃል። በደንብ የቦካ እንጀራ ከአፍለኛ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ነፍሰ ጡር እናቶች ከጤና ጣቢያ የሚሰጣችሁን የብረት እንክብል በቡና አትዋጡት፤ ቡናውን ሁለት ሰዓት ያህል አርቁት። በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይሁን። ቫይታሚን ሲም ብረት ይይዛል፣ ግን እንደሟሟ ስለሚያቆየው አንጀት ይቀበለዋል።