ከኤላው አፍ እስከ ፊልሙ፦ የቦረና የውኃ ዘፈንና የዘጋቢ ፊልም ታሪክ

ቃል ግጥም ከክዋኔው ሲነጠል ግማሽ ነፍሱን ያጣል እያልኩ ዘወትር አስተምራለሁ። አባባሉ በእርግጥ የገባኝ ግን ከቡሌ ሆራ ወደ ደቡብ ወርጄ፣ በያቤሎና በሜጋ መካከል በሚገኘው ዱብሉቅ፣ ከኤላ አፍ ላይ በቆምኩ ጊዜ ነው።

ቦረናዎች «ቱላ ሳልጋን» ከሚሏቸው ጥልቅ ኤላዎች ውኃ የሚወጣው በሰው ክንድ ነው። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ በመደዳ ቆመው ባልዲውን ይቀባበላሉ፤ ዜማው የእጆቻቸውን ምት ያስተባብራል። የዕለቱን የማጠጣት ተራ የሚያስከብሩት አባ ሄሬጋ ናቸው። እኔ የያዝኩት መቅረጸ ድምፅ ብቻ ነበር። ማታ ስገለብጠው ያገኘሁት ጥቂት ተደጋጋሚ ስንኝ ሆነ። አንድ ባልደረባዬ ጽሑፉን አይቶ «ድሃ ግጥም ነው» አለኝ። ድግግሞሹ የክንድ እንጂ የገጣሚ ድህነት አለመሆኑን በወረቀት ላስረዳው አልቻልኩም።

ይህን ጉድለት ሊሞላ የሚችለው ዘጋቢ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዴቪድ ማክዱጋልና ጄምስ ብሉ በሰሜን ኬንያ ቦረናዎች መካከል የሠሩት «ኬንያ ቦረን» ለዚህ ጥሩ አብነት ነው፤ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ሲነጋገሩ እንሰማለን። በዚያው ዓመት ሮበርት ጋርድነር ስለ ሐመር የሠራውን ፊልም ግን፣ ከሕዝቡ ጋር ለረጅም ጊዜ የኖሩት ጂን ላይዳልና አይቮ ስትሬከር ነቅፈውታል። ላይዳል በኋላ ከጆአና ሄድ ጋር ከ1990 እስከ 1994 ሦስት የሐመር ፊልሞች እንዲወጡ አድርጋለች። ከዚህ የምንማረው፣ ካሜራ ቋንቋንና አብሮ መኖርን እንደማይተካ ነው።

ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል፤ ይሁን እንጂ መዝገብ ከብት አያጠጣም። ከ2020 እስከ 2023 የዘለቀው ድርቅ የቦረናን መንጋ ክፉኛ ጎድቷል። ከብቱ ካለቀ ወይም ሞተር ክንድን ከተካ፣ ዘፈኑ የሚዘፈንበት ምክንያት ያከትማል። ሞተሩን መቃወም ደግሞ አይገባም፤ ድካሙን የሚያውቁት ባልዲውን የሚያነሡት ናቸው።

ከዱብሉቅ ስመለስ አንድ አዛውንት «የወሰድከውን መቼ ታሰማናለህ?» አሉኝ። እስካሁን አልመለስኩም። እንግዲህ ተማሪዎቻችን ካሜራ ይዘው ሲወርዱ፣ ሥራቸው የሚያበቃው ፊልሙ ተመልሶ ከኤላው አፍ አጠገብ ሲታይ መሆኑን አስቀድመው ይወቁ።