ለደገኛ ጠላቂ የትኛው ዕቃ ይቅደም? የጥልቀት መለኪያ አጭር ታሪክ

«የላስታ ሰው ከባሕር ጋር ምን አገናኘው?» ብላችሁ እንዳታልፉኝ። ስኩባ ጠለቃ መማር ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ቅርቡ ባሕር ጅቡቲ ነው፤ ጠልቆ የሚመለሰው ግን ወደ ደጋ ነው። ጀማሪ ሱቅ ሲገባ ዓይኑ መነጽሩ ላይ፣ የእግር መቅዘፊያው ላይ፣ የላስቲክ ልብሱ ቀለም ላይ ያርፋል። የዕቃዎቹን ታሪክ ስትመለከቱት ግን ደገኛ አስቀድሞ ሊጠይቅበት የሚገባው ዕቃ ሌላ ሆኖ ታገኙታላችሁ፦ ጥልቀትና ሰዓት የሚቆጥረው መሣሪያ።

ስለ መተንፈሻው በአጭሩ ልናገር። በ1943 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳይ በጀርመን ወረራ ሥር ነበረች፤ ቤንዚን ከገበያ ጠፍቶ መኪኖች በጋዝ ይሄዱ ነበር። ኤሚል ጋኛን የተባለ መሐንዲስ ለመኪና ሞተር ጋዝ መጥኖ የሚሰጥ ቫልቭ ሠርቶ ነበርና፣ የባሕር ኃይል መኮንኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶ ሲያማክረው ሐሳቡን ከሞተር ወደ ሳንባ አዞሩት። የነዳጅ ሰልፍ ስኩባን ወለደ ማለት ትንሽ ማጋነን ቢሆንም ብዙ ከእውነት አይርቅም። የዛሬው ሬጉሌተርም የሚሠራው በዚያው መርህ ነው፦ ስትስቡ ይሰጣል፣ ስታቆሙ ይዘጋል። በወጉ የተፈተሸ ከሆነ የኪራዩ ለጀማሪ ይበቃል። ሲሊንደርም አትግዙ፤ ተከራዩ። ከኪሳችሁ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ለመነጽር አውጡ። ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ አድርጉትና በአፍንጫችሁ ትንሽ አየር ሳቡ። ሳይወድቅ ከቆየ ልካችሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጠላቂ ከጥልቅ ውሃ ቶሎ ሲወጣ ለምን ይታመማል? በግፊት ውስጥ የተነፈሰው ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ሟምቶ ይቆይና፣ ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ ልክ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ አረፋ ይሆናል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ሲያርፍ ሕመም ነው፤ አከርካሪ ላይ ሲያርፍ ሽባ ያደርጋል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆን ስኮት ሃልዴን ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ፍየሎችን በግፊት ክፍል እያስገባ መርምሮ፣ በ1908 የመጀመሪያውን ተቀባይነት ያገኘ የአወጣጥ ሰንጠረዥ አሳተመ። ግኝቱ ለመሐንዲስ ጆሮ ደስ ይላል። ወሳኙ ግፊቱ በስንት መቀነሱ ሳይሆን ስንት እጅ መቀነሱ ነው። ሰውነት ግፊቱ በግማሽ ቢወርድበት ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ ያሰጋል።

ይህ ስሌት ግን መነሻው ባሕር ነው። በባሕር ወለል የአየሩ ግፊት 1 ባር ገደማ ነው፤ 10 ሜትር ስትጠልቁ 2 ባር ይሆናል፣ እጥፍ ማለት ነው። ላሊበላ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ 0.75 ባር አካባቢ ነው። ከላስታ ብዙም የማይርቀው፣ ኮረም አጠገብ ያለው የአሸንጌ ሐይቅም ከፍታው ከዚህ ብዙ አይለይም። እዚያ እጥፍ ለመሆን 7.5 ሜትር ብቻ ይበቃል። 18 ሜትር ብትወርዱ ግፊቱ 2.55 ባር ይሆናል፤ ለ0.75 ስታካፍሉት 3.4 እጥፍ። ባሕር ላይ 3.4 እጥፍ የሚገኘው 24 ሜትር ላይ ነው። እንግዲህ በአሸንጌ 18 ሜትር የጠለቀ ሰው ሰንጠረዡን ማንበብ ያለበት 24 ሜትር እንደጠለቀ ሆኖ ነው።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጥመው። ቀደም ባለው ጊዜ ጠላቂዎች ሁለት ዓይነት የጥልቀት መለኪያ ነበራቸው። አንዱ አንድ ጫፉ የተደፈነ ቀጭን ግልጽ ቱቦ ነው፤ ውሃ እየገባ በውስጡ ያለውን አየር ይጨምቀዋል፣ ውሃው የደረሰበትን መስመር ማንበብ ነው። ሌላው ባለ መርፌ፣ ታሽጎ የተሠራ፣ ውድና የሚያምር መሣሪያ። ሁለቱንም በላሊበላ ከፍታ 18 ሜትር ብታወርዷቸው ምን ያነብባሉ? መርፌው ፋብሪካ የታሸገው በ1 ባር ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን 2.5 ሜትር ጭራሽ አይቆጥራቸውም፤ «15 ሜትር ተኩል ናችሁ» ይላል። ስሕተቱ ወደ አደጋው በኩል ነው። ርካሹ ቱቦ ውስጥ ያለው አየር ግን የአገሩ አየር ነው፣ 0.75 ባር። 3.4 እጥፍ ሲጨመቅ «24» ያሳያል፤ ለሰንጠረዡ የሚያስፈልገው ቁጥር ይኸው ነበር። በእርግጥ ጠለቅ ሲባል መስመሮቹ ስለሚጠባበቁ ቱቦው ለማንበብ ያስቸግራል። ቢሆንም ከሁለቱ ደገኛውን የሚያውቀው እሱ ነው።

የከፍታን ነገር አጥብቀው የያዙት የራሳቸው ተራራ ያስገደዳቸው ስዊሶች ናቸው። የዙሪኩ ሐኪም አልበርት ቡልማን ለተራራ ሐይቆች የሚሆን ስሌት ሠርቶ በ1980ዎቹ ሁለት ሰንጠረዥ አወጣ፦ አንዱ እስከ 700 ሜትር፣ ሌላው ከ701 እስከ 2,500 ሜትር ከፍታ። ሁለተኛው የሚያበቃው ልክ ላሊበላ ደጃፍ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። ስሌቱ በ1987 ወደ 3,800 ሜትር ከፍታ ባለው በቲቲካካ ሐይቅ ተፈትኗል። ዛሬ የእጅ ሰዓት የሚያክሉት የጠለቃ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የሚያስቡት በዚህ ቀመር ወይም በዘመዶቹ ነው። ስለዚህ ስትከራዩም ስትገዙም ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ የአየሩን ግፊት ራሱ ይለካል ወይስ ከፍታውን እኔ ላስገባ? እስከ ስንት ሜትር ከፍታስ ይሠራል? ሻጩ ካላወቀ መመሪያው ላይ ተጽፏል።

«እኔ ጅቡቲ ነው የምጠልቀው፣ ከፍታው ምን ያደርግልኛል?» ካላችሁ፣ መመለሻውን አስቡት። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ምጽዋ በነበረበት ዘመን፣ ከ1950ዎቹ እስከ 1990፣ ከወደቡ አስመራ ለመውጣት 115 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይበቃ ነበር፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ። ለጠላቂ ሰውነት ይህ አውሮፕላን ከመሳፈር አይለይም። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ግፊቱ ቢበዛ ከ2,440 ሜትር ከፍታ ጋር እንዲተካከል ነው የሚደረገው። ላሊበላ ያለ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ከዚያ በላይ ነው! ሌላው ተሳፋሪ ባሕር ዳርቻ ሲያርፍ ይገላገላል፤ እኛ ስናርፍም እዚያው ከፍታ ላይ ነን።

ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተከታታይ ቀናት ከጠለቁ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየት የተለመደው ምክር ነው። ምክሩ የአውሮፕላኑን ክፍል አስቦ የወጣ ስለሆነ፣ ለላስታ ሰው እኔ ሙሉ ቀን እላለሁ፤ በአውቶቡስም፣ በባቡርም፣ በአውሮፕላንም ቢመለስ። ደገኛ ባሕር በደረሰበት ቀን በሰውነቱ ያለው ናይትሮጅን ከቆለኛው ያነሰ ስለሆነ ትንሽ ብልጫ አለው፤ አንድ ሁለት ቀን ሲቆይ ግን ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ላይ ትንሽ የአውሮፕላን ምልክት ታያላችሁ፤ እሷ ሳትጠፋ ዕቃችሁን መኪና ላይ አትጫኑ።