የሰፊ ድል ውርስ በምን ይለካል? የ1945ቱ የብሪታንያ ምርጫ ሲመረመር

እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1945 ብሪታንያውያን ድምፅ ሰጡ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ውጤቱ የተገለጸው ግን ጁላይ 26 ነበር፤ ባሕር ማዶ የሰፈረው ሠራዊት ድምፅ አገር ቤት ገብቶ እስኪቆጠር ሦስት ሳምንት መጠበቅ ግድ ሆነ። ቆጠራው ሲያበቃ በክሌመንት አትሊ የሚመራው ሌበር ፓርቲ ከ640 መቀመጫዎች 393ቱን ይዞ ተገኘ። የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል የጀመሩትን የጦርነቱ አሸናፊዎች የፖትስዳም ጉባኤ የጨረሱት አትሊ ሆኑ።

ይህ ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በመቀመጫው ብዛት ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ የሰፊ ድል ውርስ በሌላ ሚዛን መመዘን አለበት የሚል ነው፤ ይኸውም ተሸናፊው ወገን ተራው ደርሶ ሥልጣን ሲይዝ ሳያፈርስ በተወው ሥራ።

የድሉ መሠረት

ሌበር ያገኘው ከመራጩ ድምፅ 48 በመቶ ያህሉን ነበር። በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ብቻ በሚያልፍበት ሥርዓት ግን ይህ ከ60 በመቶ በላይ መቀመጫ አስገኘ። ቁጥሩ እንዲህ ቢያጋንነውም፣ ከድሉ ጀርባ ለዓመታት የተብላላ ሐሳብ ነበር። በዲሴምበር 1942 የወጣው የዊልያም ቤቨሪጅ ሪፖርት ማጣትን፣ በሽታን፣ ድንቁርናን፣ የመኖሪያ ጉስቁልናንና ሥራ አጥነትን አገሪቱ ልትዋጋቸው የሚገቡ አምስት ጠላቶች ብሎ ፈርጆ ነበር፤ ሕዝቡም ተሰልፎ ገዛው። አትሊ፣ ኧርነስት ቤቪንና ኸርበርት ሞሪሰን ደግሞ በጦርነቱ ጥምር መንግሥት ውስጥ ሚኒስትሮች ስለነበሩ ለመራጩ እንግዳ አልነበሩም። ስለዚህ ቸርችል በጁን 4ቱ የሬዲዮ ንግግራቸው የሌበር ሶሻሊዝም ያለ አንድ ዓይነት ጌስታፖ (የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ) ሊጸና አይችልም ሲሉ ብዙዎችን አላሳመኑም። የሚከሷቸው ሰዎች ትናንት አብረዋቸው አገር የመሩ ናቸውና።

የጸናውና የፈረሰው

አዲሱ መንግሥት ጊዜ አላባከነም። የድንጋይ ከሰል ማዕድናት በጃንዋሪ 1947፣ የባቡር ሐዲዶች በ1948 ወደ መንግሥት ይዞታ ዞሩ፤ ጁላይ 5 ቀን 1948 ደግሞ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራ ጀመረ። ማዕድናቱና ባቡሩ በ1990ዎቹ ተመልሰው ለግል ባለሀብት ተሰጡ። የጤና አገልግሎቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። ልዩነቱ ከምን መጣ?

በየማዕድኑ ደጃፍ ድርጅቱ በሕዝብ ስም እንደሚተዳደር የሚገልጽ ሰሌዳ ተተከለ፤ ቆፋሪውን የሚያዙት አለቆች ግን በአብዛኛው የቀድሞዎቹ ነበሩ። በሕክምና በኩል የመጣው ለውጥ ቤት ድረስ የገባ ነበር። የ1911ዱ የመድን ሕግ ለሠራተኛው ሐኪም ሲያቀርብ ሚስቱንና ልጆቹን አያካትትም ነበር። ከ1948 ወዲህ እናት በራሷ ስም ሐኪም ዘንድ ተመዘገበች፤ ለዓመታት የተቸገሩ ሰዎች መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ለማግኘት ጎረፉ። ወጪው ከግምቱ በላይ በመሆኑ በ1951 መንግሥት ራሱ በእነዚህ ላይ ክፍያ ለመጣል ወሰነ። የአገልግሎቱ መሥራች አናይሪን ቤቫንም ውሳኔውን ተቃውመው ከካቢኔው ለቀቁ።

በዚያው ዓመት ሥልጣን የተረከቡት ወግ አጥባቂዎች ወጪውን የሚመረምር፣ በክሎድ ጊይቦ የሚመራ ኮሚቴ በ1953 አቋቋሙ። ኮሚቴው በ1956 ያቀረበው ሪፖርት አገልግሎቱ ከብሔራዊ ገቢ የሚወስደው ድርሻ እንዲያውም መቀነሱን አሳየ፤ መሠረታዊ ለውጥ እንዲደረግም አልመከረም። የሌበር ሥራ በተቀናቃኙ እጅ የጸናው እዚህ ላይ ነው።

የድሉ ወሰን

ሰፊ ድል ሁሉን አይለውጥም። ሕንድ በ1947 ነፃ ብትወጣም በአፍሪካ ቀንድ የቅኝ ገዢነቱ አስተሳሰብ አልተነቀለም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቤቪን በ1946 የሶማሌ ግዛቶች በብሪታንያ አስተዳደር ሥር የነበረውን የኢትዮጵያን ኦጋዴን ጨምሮ በአንድ ሞግዚትነት ሥር እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረቡ። ኢትዮጵያ አጥብቃ ተቃወመች፤ ሐሳቡም ከሸፈ። አብዛኛው ኦጋዴን የተመለሰላት በ1948 ነው። መራጩ በ1945 የተማከረው ስለ ቤቱ፣ ስለ ሥራውና ስለ ጤናው ነበር፤ ባልተመከረበት ጉዳይ ላይ የቆየው ልማድ ቀጠለ።

መደምደሚያ

በ1951 ሌበር ከወግ አጥባቂዎቹ የበለጠ ድምፅ አግኝቶ ሥልጣኑን አጣ፤ ሥራው ግን ጸና። በ2024 ያው ፓርቲ 34 በመቶ ገደማ በሆነ ድምፅ ከ650 መቀመጫዎች 411ዱን አሸነፈ። የ1945ቱ ልምድ የሚያስተምረው እንዲህ ያለው ብልጫ ሕግ ለማውጣት እንደሚያስችል፣ ሕጉን የሚያሰነብተው ግን ቀድሞ የተገኘ የሕዝብ እምነትና በየቤቱ የሚዳሰስ ጥቅም መሆኑን ነው። በሰፊ ልዩነት ያሸነፈ መንግሥት ሁሉ ገና በመጀመሪያው ቀን ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፦ ነገ የሚተካን ተቃዋሚ ሊነካው የማይደፍረው ሥራችን የትኛው ይሆናል?